በአምባሰል የሚፈተን ቤዝ፦ ውድ ቤዝ ጊታሮችን እንዴት እናወዳድር?

ደሴና ኮምቦልቻ ውስጥ ቤዝ የሚወዱ ልጆች ከተገናኙ ወሬው ወዴት እንደሚሄድ ይታወቃል። አንዱ ዘመድ ከአሜሪካ ያመጣለትን ሳዶውስኪ ያነሳል። ሌላው ከፌንደር ወዲያ ላሳር ይላል። ሦስተኛው ፎዴራን ያየው በቪዲዮ ብቻ ነው፤ ግን እሱም አይሸነፍም። ክርክሩ ደስ ይላል፣ እኔም እወደዋለሁ። ችግሩ ብዙ ጊዜ የምንከራከረው ስለ ስምና ስለ ዋጋ መሆኑ ነው። ድምፁ መሃል ላይ ይረሳል።

ይህ መመሪያ ሁለት ወይም ሦስት ጥሩ ቤዝ አንድ ክፍል ውስጥ ማሰባሰብ ለሚችል ሰው ነው። ሊገዛ ያሰበ ይጠቀምበታል። ጆሮውን መፈተን የፈለገም ይጠቀምበታል። አንድ ነገር ላይ ግን አጥብቄ እቆማለሁ። ወሎ ውስጥ የሚጫወት ሰው ቤዝ የሚፈትነው በራሱ ቅኝት መሆን አለበት። ኢንተርኔት ላይ የምናያቸው ማወዳደሪያዎች በስላፕ (ክሩን በአውራ ጣት እየመቱ በመጫወት) እና በሮክ የተሞሉ ናቸው። ሰርግ ላይ የሚጠበቅብን ሌላ ነው።

መጀመሪያ ምን ከምን ጋር እንደምታወዳድሩ እወቁ

ፌንደር ፕሪሲዥን ቤዝ እ.ኤ.አ. በ1951 ወጣ። ጃዝ ቤዝ በ1960 ተከተለ። ሊዮ ፌንደር ድርጅቱን ከሸጠ በኋላ የሚዩዚክ ማን ስቲንግሬይ ሥራ ላይ ነበረበት፤ እሱም በ1976 ገበያ ላይ ዋለ። ዛሬ ውድ የምንላቸው ብዙዎቹ ቤዞች ከእነዚህ ከሦስቱ የአንዱ ልጆች ናቸው። ሮጀር ሳዶውስኪ ኒውዮርክ ውስጥ ሥራ የጀመረው በ1979 ነው። በጣም የታወቀበት ቤዝ በአጭሩ በጥንቃቄ የተሠራ ጃዝ ቤዝ ነው፣ ውስጡ ባለባትሪ ፕሪአምፕ (ድምፁን የሚያጎላና የሚያስተካክል ትንሽ መሣሪያ) ያለው። ፎዴራ በ1983 ብሩክሊን ውስጥ ተመሠረተ። የካናዳው ዲንግዎል ደግሞ ፍሬቶቹን (አንገቱ ላይ የተደረደሩትን ቀጫጭን ብረቶች) እንደ ማራገቢያ ዘርግቶ ወፍራሙን ክር ያስረዝማል።

ይህን ማወቅ ለምን ይጠቅማል? ሳዶውስኪን ከፌንደር ጃዝ ጋር ስታወዳድሩ ልዩነቱ ግማሽ በግማሽ ከፕሪአምፑ ሊመጣ ስለሚችል ነው። ፕሪአምፑን ዘግታችሁም ሞክሩ፤ አብዛኞቹ ላይ ለዚህ የሚሆን ማብሪያ ማጥፊያ ወይም የሚሳብ ቁልፍ አለ። ያን ጊዜ እንጨቱን፣ ፒክአፑን (የክሩን ንዝረት የሚይዘውን ክፍል) እና የእጅ ሥራውን ትሰማላችሁ።

አንድ ቀን ቀድማችሁ አሰባስቡ

ደሴ 2,500 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት። ኮምቦልቻ ቁልቁለቱን ወርዳችሁ ስትደርሱ 1,850 ሜትር ገደማ ነው። ባቲ ከዚያም ዝቅ ይላል፣ ሙቀቱም ሌላ ነው። የቤዝ አንገት እንጨት ነው፤ ሙቀትና እርጥበት ሲቀያየር ይንቀሳቀሳል። ከባቲ በሚኒባስ የመጣ ቤዝ የደሴ ብርድ ውስጥ ወዲያው ከቦርሳው ወጥቶ ሲሞከር ቅኝቱ ይሸሻል፣ የክሮቹ ከፍታም ይለወጣል። ባለቤቱም "ቤቴ ሲሆን እንዲህ አይደለም" ይላል። እውነቱን ነው።

ስለዚህ ሁሉም ቤዞች የሚሞከሩበት ክፍል ውስጥ በየቦርሳቸው ይደሩ። ማደር ካልቻሉ ቢያንስ ጥቂት ሰዓት ይረፉ። ክረምት ላይ፣ የጦሳ ተራራ ጭጋግ ለብሶ ዝናቡ በማያባራበት ሰሞን፣ ይህ ግዴታ ነው።

ክፍሉንም እዩት። ቆርቆሮ ጣሪያ ዝናብ ሲመታው መስማት አይቻልም፤ ጠዋት ላይ ጀምሩ። ቡፌው ላይ የተደረደሩ ስኒዎችና ብርጭቆዎች ካሉ አንሱ። አንዳንድ ዝቅ ያሉ ድምፆች ስኒዎቹን ያርገበግባሉ፣ ሰውም "ፍሬቱ ይንጫጫል" ብሎ ቤዙን ይወቅሳል። አምፑን (የድምፅ ማጉያውን) ጥግ ላይ አታስቀምጡ፤ ጥግ ዝቅተኛውን ድምፅ ያለ ልክ ያሳብጠዋል። የአምፑና የአድማጮች ቦታ ከተወሰነ በኋላ እስከ መጨረሻው አይነካም። ቤዝ ድምፅ ክፍል ውስጥ እኩል አይሰራጭም። አንድ እርምጃ ወደ ጎን መሄድ ብቻ ቤዝ የተቀየረ ያስመስላል።

ክርና አንገት ላይ አትሳሱ

አንዱ ቤዝ አዲስ ክር፣ ሌላው ዓመት የቆየ ክር ካለው ማወዳደሩ እዚያው አበቃ። ያወዳደራችሁት ክር ነው። ለሁሉም አንድ ዓይነት፣ አንድ ውፍረት ያለው አዲስ ክር ግዙ። ውፍረቱ ከ45 እስከ 105 የሚባለው ራውንድዋውንድ (ላዩ ሻካራ) ኒኬል የተለመደ ነው። ገንዘቡ ይከብዳል፣ አውቃለሁ። አዋጥታችሁ ግዙ። እሱም ካልተቻለ ቢያንስ ሁሉም ያረጀ ክር ይኑራቸው። አንዱ ፍላትዋውንድ (ላዩ ልሙጥ)፣ ሌላው ራውንድዋውንድ ከሆነ ግን ባትጀምሩት ይሻላል።

ከዚያ አንገቱን ተመልከቱ። የወፍራሙን ክር የመጀመሪያ ፍሬት በአንድ እጅ፣ የመጨረሻውን ፍሬት በሌላው እጅ ተጫኑ። ሌላ ሰው ስምንተኛው ፍሬት አካባቢ በክሩና በፍሬቱ መሃል ያለውን ክፍተት ይይ። 0.3 ሚሊ ሜትር ገደማ ጥሩ መነሻ ነው። መለኪያ ከሌላችሁ የባንክ ካርድ 0.76 ሚሊ ሜትር ውፍረት አለው፤ ካርዱ ያለ ችግር ከገባ አንገቱ ከሚገባው በላይ ጎብጧል። ቀጥሎ 12ኛው ፍሬት ላይ ምንም ሳትጫኑ የክሩን ከፍታ ለኩ። ለወፍራሙ ክር ከ2 እስከ 2.5 ሚሊ ሜትር፣ ለቀጭኑ ከ1.5 እስከ 2 ሚሊ ሜትር ይሁን። ዋናው ነገር ቤዞቹ መሃል ልዩነት አለመኖሩ ነው። ክሩ ዝቅ ያለ ቤዝ ለእጅ ይመቻል፣ ሰውም "ፎዴራ እኮ ለስላሳ ነው" ይላል። ለስላሳነቱ ብሎን ከማዞር የመጣ ሊሆን ይችላል።

ትራስ ሮዱን (አንገቱ ውስጥ ያለውን የጉብጠት ማስተካከያ ብረት) የሚነካው ባለቤቱ ወይም ባለቤቱ የፈቀደለት ሰው ብቻ ነው። በአንድ ጊዜ ከሩብ ዙር በላይ አይዞርም።

ባለባትሪ ቤዝ ካለ ባትሪው አዲስ ይሁን። የደከመ ባትሪ ድምፁን ያበላሻል። በእረፍት ጊዜ ጃኩን ንቀሉ፤ ጃክ የተሰካ ባለባትሪ ቤዝ ማንም ባይጫወትበትም ባትሪ ይበላል።

ድምፁን እኩል አድርጉ፤ ከሁሉም የሚበልጠው ይህ ነው

ሰው ሁለት ድምፅ ሲሰማ ትንሽ ከፍ ያለውን ይመርጣል። ከፍ ማለቱን እንኳ ላያውቀው ይችላል። "ይሄኛው ሙሉ ነው፣ ይሄኛው ሕይወት አለው" ይላል። በተለይ ቤዝ ላይ ይህ ይብሳል፤ ጆሯችን ዝቅተኛውን ድምፅ በደንብ የሚሰማው ጠቅላላው ድምፅ ከፍ ሲል ነው። ባለባትሪ ቤዝ ደግሞ ብዙ ጊዜ ኃይለኛ ሆኖ ይወጣል። ሳይስተካከል ከቀረበ ገና ከመጀመሩ ያሸንፋል።

የሚሠራው እንዲህ ነው። የአምፑን ባስ፣ ሚድልና ትሬብል መሃል ላይ አድርጉ። የሁሉም ቤዝ ቮሊዩም እስከ መጨረሻ ይከፈት፣ ቶኑም እንዲሁ። ፕሪአምፕ ያላቸውን ምንም በማይጨምሩበትና በማይቀንሱበት ቦታ አስቀምጡ። እዚህ ላይ ተጠንቀቁ! ብዙ ሰው "መሃል ላይ ካደረግኩት ምንም አልጨመርኩም" ብሎ ያስባል። የሳዶውስኪ ፕሪአምፕ ግን መጨመር እንጂ መቀነስ አይችልም። እሱ ላይ ገለልተኛው ቦታ ቁልፉ እስከ መጨረሻ ሲዘጋ ነው። መሃል ላይ ከተዋችሁት ባሱንም ትሬብሉንም ከፍ አድርጋችሁ ነው የምታወዳድሩት። ቁልፎቹ ሲዞሩ መሃል ላይ ጠቅ የሚሉ ከሆነ ግን ገለልተኛው ቦታ አብዛኛውን ጊዜ እዚያው ጠቅ የሚልበት ነው።

አሁን አንድ ሰው፣ ያው አንድ ሰው፣ በእያንዳንዱ ቤዝ አንድ ዓይነት መስመር ለ20 ሰከንድ ያህል ይጫወት። ኮምፒውተርና የመቅጃ ኢንተርፌስ ካላችሁ ቅረጹና የድምፁን አማካይ መጠን ተመልከቱ፤ ከፍተኛውን ጫፍ አይደለም። ልዩነቱን ከግማሽ ዴሲቤል በታች አውርዱት። ስልክ ብቻ ካላችሁ የዴሲቤል መለኪያ አፕ አውርዱና ስልኩን አንድ ቦታ ላይ አስተኙት። የስልክ ማይክ ለወፍራም ድምፅ ደካማ ነው፤ ቢሆንም በዓይን ከመገመት ይሻላል። ለየትኛው ቤዝ የአምፑ ጌይን (የመግቢያ ድምፅ መጠን ቁልፍ) የት ላይ እንደቆመ ወረቀት ፕላስተር ለጥፋችሁ በእስክሪብቶ ምልክት አድርጉበት። ቤዝ ሲቀየር እጅ ወደ ምልክቱ ይሄዳል፣ ጊዜ አይጠፋም።

ኬብሉም አንድ ይሁን። ባትሪ የሌለው ቤዝ በረዥም ኬብል ሲሰካ ከላይኛው ድምፅ ይቀንሳል።

ስለ እም የሚል ድምፅም ላንሳ። የኛ መብራት 50 ኸርዝ ነው፤ ባለ ነጠላ ጥቅል ፒክአፖች ይህን እምታ ይይዛሉ። ጃዝ ቤዝ ሁለቱም ፒክአፖች እኩል ሲከፈቱ ይተዋል፣ አንዱን ስትቀንሱ ይመለሳል። ፕሪሲዥን ከ1957 ወዲህ ባለ ሁለት ክፍል ፒክአፕ ስላለው ፀጥ ይላል። መብራት ጠፍቶ በጄኔሬተር ከቀጠላችሁ እምታው ሊብስ ይችላል። ይህን የቤዙ ጥፋት አድርጋችሁ አትጻፉ።

ዓይን ይሸፈን፣ ብዕር ይቅደም

ከዚህ በኋላ አድማጮች ጀርባቸውን ያዙሩ ወይም በተጫዋቹ ፊት ጋቢ ይወጠር። ተራውን በሳንቲም ወስኑ። አንዱን ቤዝ ሳትናገሩ ሁለት ጊዜ አስገቡት። ያው ቤዝ መሆኑን ሳያውቅ አንዴ "ደረቅ" አንዴ "ሙሉ" ብሎ የጻፈ አድማጭ ካለ፣ የዚያን ቀን ጆሮው ደክሟል ወይም ልዩነቱ እንደምናስበው ትልቅ አይደለም። "ወላሂ ይሄ ፎዴራ ነው" የሚል አይጠፋም። ይበል፣ ግን በወረቀት ላይ።

የወረቀቱን ነገር አደራ። እኛ አገር ትልቅ ሰው ቀድሞ ከተናገረ ሌላው ቃሉን ይውጣል። ጋሼ "ሁለተኛው ይሻላል" ካሉ ክፍሉ ሁሉ ለሁለተኛው ጭንቅላቱን ይነቀንቃል። አክብሮት ነው፣ ክፋት የለውም፣ ግን ማወዳደሩን ያበላሻል። ሁሉም መጀመሪያ ለየብቻው ይጻፍ። መጻፍ የማይመቻቸው ካሉ አንድ ልጅ አጠገባቸው ቁጭ ብሎ በጆሮው እየሰማ ይጻፍላቸው። ወሬው ወረቀቱ ከተሰበሰበ በኋላ ነው።

ጆሮ ይደክማል። በየሩብ ሰዓቱ እረፍት አድርጉ። ቡና ከተፈላ በአቦልና በቶና መሃል አምፑ ይዘጋ።

አራቱ ቅኝቶች የሚያጋልጡት

ወደ ዋናው ነገር ደረስን። ወሎ ቅኝቶቹን በስም የሰጠ አገር ነው፤ ባቲም አምባሰልም ቦታዎች ናቸው። እያንዳንዱ ቅኝት ደግሞ የቤዝን የተለየ ጎን ያወጣል።

ከአምባሰል ጀምሩ። ከወፍራሙ ክር፣ ከክፍት ኢ ተነስታችሁ ኢ፣ ኤፍ፣ ኤ፣ ቢ፣ ሲ ተጫወቱ፣ ቀስ ብላችሁ። ኢ 41 ኸርዝ ገደማ ነው፣ ኤፍ 44 ገደማ። ሁለቱ በጣም ተጠጋግተዋል። ደካማ ቤዝ ላይ ሁለቱ አንድ ጭቃ ይሆናሉ፤ ኤፍ መምጣቷን የምታውቁት ጣታችሁን አይታችሁ ነው። ጥሩ ቤዝ ላይ ግን ከኢ ወደ ኤፍ ስትሄዱ ያች የአምባሰል ሐዘን ቁልጭ ብላ ትሰማለች። ጆሯችን እዚያ ታች ኖታውን የሚለየው በአብዛኛው ከላይ በሚወጡት ተከታይ ድምፆች ነው። ጥሩ ፒክአፕና ጥሩ አንገት እነዚያን ድምፆች አይውጣቸውም። አንድ ጊዜ ማሲንቆ የሚጫወቱ አባት አብረውን ነበሩ። ቤዝ ይዘው አያውቁም። ይህችን መስመር በሁለት ቤዝ ካሰማናቸው በኋላ "ጋሼ፣ እንዴት ነው?" ስንላቸው "ፊተኛው ያጉረመርማል፤ ኋለኛው ይናገራል" አሉ። ከዚያ ወዲህ ወረቀታችን ላይ "ይናገራል?" የሚል ጥያቄ አለ፤ ከሁሉም የሚጠቅመን እሱ ነው።

አምስት ክር ያለው ቤዝ ከሆነ አምባሰልን ከታችኛው ቢም ጀምሩ። እሷ 31 ኸርዝ ገደማ ናት። ዲንግዎል ክሩን ወደ 37 ኢንች ያስረዘመበት ምክንያት እዚህ ይገባችኋል፤ የተለመደው ርዝመት 34 ኢንች ነው። የረዘመ ክር ይበልጥ ይወጠራል፣ አይልፈሰፈስም።

ባቲ ዝላይ ይወዳል። ከሲ ተነሱ፤ ሲ፣ ኢ፣ ኤፍ፣ ጂ፣ ቢ። ከሲ ወደ ኢ ያለው ርቀት ሰፊ ስለሆነ ክር ትቀይራላችሁ። እዚህ የምትሰሙት የክሮቹን እኩልነት ነው። አንዱ ክር ጮክ፣ ሌላው ሰነፍ ከሆነ ባቲ ወዲያው ይሰናከላል። ይህ አንዳንዴ በፒክአፑ ከፍታ ይስተካከላል፤ ቤዙን ከመጣላችሁ በፊት መፍቻ አንሱ።

ትዝታ ኖታን አርዝሞ መያዝን ይፈትናል። ጂ፣ ኤ፣ ቢ፣ ዲ፣ ኢ፣ እያንዳንዱን እስኪጠፋ ድረስ ያዙ። ቶሎ የሚሞት ድምፅ ትሰሙ ይሆናል። ብዙ ቤዞች ላይ፣ ውዶቹም ላይ፣ በቀጭኑ ክር ከአምስተኛው እስከ ሰባተኛው ፍሬት አካባቢ እንዲህ ያለ የሞተ ቦታ ይገኛል። አንገቱ ራሱ በዚያ ድምፅ ስለሚንቀጠቀጥ የክሩን ጉልበት ይሰርቃል። የትዝታ ቀስ ያለ ዜማ ላይ ይህ ያሳዝናል። የት እንዳለ ጻፉ።

አንቺሆዬ ጠባብ ርቀቶቿ ሁለት ቦታ ስለሆኑ፣ ከ12ኛው ፍሬት በላይ ተጫወቱትና ቅኝቱ እዚያ ይጸና እንደሆነ ስሙ።

የእጅ ፍርድ

ስሜትን ከድምፅ ለይታችሁ መዝኑ። አሁን ዓይኑ የሚሸፈነው ተጫዋቹ ነው፤ አምፑም ይዘጋ። አንገቱን ጨብጡ። የጃዝ ቤዝ አንገት ከቤዙ ራስ ጋር በሚገናኝበት ቦታ ስፋቱ 38 ሚሊ ሜትር ገደማ ነው፣ ፕሪሲዥን ሰፋ ይላል። በመዳፋችሁ የፍሬቶቹን ጫፍ ከላይ እስከ ታች ዳስሱ። በበጋ እንጨቱ ሲደርቅ ይኮማተራል፣ የፍሬት ጫፍ ይወጣና እጅ ይቧጭራል። ውድ ቤዝ ላይ ይህ መኖር የለበትም፤ ካለ ዋጋ ላይ ተደራደሩበት።

ቀበቶ አድርጋችሁ ቁሙና ሁለት እጃችሁን ልቀቁ። የቤዙ ራስ ወደ መሬት የሚዘነበል ከሆነ ግራ እጃችሁ ሌሊቱን ሙሉ ሲሸከመው ያድራል። የወሎ ሰርግ ደግሞ ቶሎ አያልቅም። አራት ኪሎ ገደማ የሚመዝን ቤዝ ይቻላል። አምስት ኪሎ የደረሰው ግማሽ ሰዓት ሳይሞላ ትከሻ ላይ ይናገራል። ስለዚህ ግማሽ ሰዓት ቆማችሁ ተጫወቱ። ተቀምጦ ሁሉም ይመቻል።

ከባንድ ጋር

ብቻውን ሲጫወቱት የሚያምር ቤዝ ከበሮና ኪቦርድ ሲገባ ሊጠፋ ይችላል። ከተቻለ ከበሮ፣ ኪቦርድና ክራር ወይም ማሲንቆ ጥሩና የስድስት ስምንተኛ ቺክቺካ አስጀምሩ። የጃዝ ቤዝ ሁለቱ ፒክአፖች አንድ ላይ ሲከፈቱ መሃሉ ሳሳ ይላል፤ ብቻውን ደስ ይላል፣ ባንድ ውስጥ ግን ወደ ኋላ ሊገባ ይችላል። ፕሪሲዥን ብቻውን ተራ ይመስላል፣ ባንድ ውስጥ ግን ቦታውን አይለቅም። ስቲንግሬይ ወደ ብሪጁ (ክሮቹ አካሉ ላይ ወደሚታሰሩበት ቦታ) ቀረብ ያለ ፒክአፕ ስላለው ይሾላል፤ ክራር ጋር ሲጋጭ ስሙት። የአይቤክስና የሮሃ ባንድ ካሴቶችን፣ የጆቫኒ ሪኮን ቤዝ፣ አስቀድማችሁ አዳምጡ። ቤዝ በዘፈን ውስጥ የት መቀመጥ እንዳለበት ጆሯችሁ ይይዛል።

ይህንንም ቅረጹና በደህና የጆሮ ማዳመጫ ስሙት። በስልክ ስፒከር ቤዝ መፍረድ አይቻልም፤ ወፍራሙ ድምፅ ጨርሶ አይወጣም።

ልትገዙ ከሆነ

ወረቀቶቹን ዘርግታችሁ ሁለት ነገር ፈልጉ፦ ሁለት ጊዜ የተደበቀውን ቤዝ ሁለቱንም ጊዜ በአንድ ዓይነት ቃል የገለጹት እነማን ናቸው፣ እነሱስ የትኛውን መረጡ? የእነሱ ድምፅ ከሌላው ይክበድ። የእጁን ፍርድ ግን ለማንም አታጋሩ፤ የሚሸከመው የእናንተ ትከሻ ነው። ሻጩ ከተስማማ መያዣ አስይዛችሁ ቤዙን ለሳምንት ውሰዱና አንድ ሰርግ ላይ ተጫወቱበት። ፍሬቶቹን፣ የሞተውን ቦታና የአንገቱን ክፍተት ዳግም ለኩ። ክፍተቱ በሳምንት ውስጥ በብዙ ከተለወጠ አንገቱ ገና አልተረጋጋም፤ ከመክፈላችሁ በፊት ይህን ከሻጩ ጋር ተነጋገሩ።